ለቅሶ የተቀመጠው ጉሮሮ

ቅዳሜ ቅዳሜ እድር አዳራሽ ገብተን ቁልፍ እንጫናለን። ሥራው ይኼው ነው፤ መጫን። ከፊታችን ባለው ሰሌዳ ላይ በግራ በኩል አሮጌው የኮድ መስመር ይወጣል፣ በቀኝ በኩል አዲሱ፣ ከታች «አይቼዋለሁ» የሚል ቁልፍ አለ። አሮጌውን ወደ አዲሱ የሚገለብጠው ማሽኑ ራሱ ነው። የእኛ ሥራ የሰው ዓይን መሆን ነው። ሕጉ የሰው ዓይን ይኑር አለ እንጂ የሚያይ ዓይን ይኑር አላለም።

ማሽን ሁሉ የሚሰማው ቋንቋ በየዓመቱ ይታደሳል። ለምን እንደሚታደስ የሚያውቅ ሰው እስካሁን ዝዋይ ውስጥ አላገኘሁም። ዘንድሮ ሥሪት ስልሳ አንድ ላይ ደርሰናል። በአሮጌው የተጻፈ ጥቅል፣ ማሽን የሚታዘዝበት ጽሑፍ ማለት ነው፣ ወደ አዲሱ ካልተሻገረ ጎተራው አውጥቶ ይጥለዋል። ጎተራው የዓለም ጥቅል ሁሉ የሚቀመጥበት ነው፤ የት እንዳለ አትጠይቁኝ። እሱ አንድ ጥቅል ከጣለ በዚያ ጥቅል የሚሠራ ነገር ሁሉ ቀጥ ይላል። አምና የውሃ ቆጣሪው ጥቅል ሳይሻገር ቀርቶ ሠፈሩ በሙሉ ከሐይቁ በባልዲ ሲቀዳ ከረመ። ካቻምና የዳቦ ቤቱ ምድጃ ነበር። ስለዚህ እኛ ሠፈር ሰው ጠዋት ሲገናኝ «እንዴት አደራችሁ» አይባባልም። «ምን ተሻገረ?» ነው የሚባባለው።

ጥቅሎቹ የማንም አይደሉም፣ የሁሉም ናቸው ይባላል። የሁሉም የሆነ ነገር ላይ ማን እንደሚሠራ መቼም ታውቃላችሁ። ከየቤቱ አንድ ሰው ለእድሩ ይሰጣል፤ የቀረ በሚቀጥለው ቀብር ድንኳን ይሸከማል። አባወራው ስለማይመቸው ልጁን ይልካል። የሚማረው ልጅ ጥናት ስላለበት የማይማረው ይላካል። እኔ ከስድስተኛ ነው የወጣሁት፤ እና የቤታችን ዓይን እኔ ነኝ። ከጎኔ ነኢማ ትቀመጣለች። ምስር በሰፌድ ይዛ ትመጣና በአንድ እጇ እየለቀመች በሌላው ትጫናለች። የምታየው ምስሩን ነው።

ከምንጫናቸው ጥቅሎች አንዱ የእናቴ ጉሮሮ ነው።

እናቴ ዘነበች ሐይቁ ዳር ዓሣ ትሸጣለች። እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ጉሮሮዋን በሽታ በላው፤ ሐኪሞቹ ቆርጠው አወጡት። ዓሣ ሻጭ ድምፅ ከሌላት ደንበኛዋ አባ ኮዳ ብቻ ነው፤ ያ መላጣ ወፍ ደግሞ አይከፍልም። ጎረቤታችን ጋሽ ወልደየስ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ከሰው ስልክ ሁሉ የእናቴን ድምፅ ለቀሙ፤ ከሠርግ፣ ከገበያ፣ ከጥምቀት፣ አንዷ ከጎረቤቷ ጋር ስትጣላ ከኋላ ከተሰማው ሳይቀር። ቀጣጥለው ጉሮሮ ጻፉላት። የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነገር አንገቷ ላይ ተለጠፈች፤ አፏን ስታንቀሳቅስ የራሷ ድምፅ ይወጣል። ከዚያ ጋሽ ወልደየስ ጥቅሉን ለማንም ይሁን ብለው ለቀቁት፤ ዋና ባለአደራው ግን እሳቸው ሆነው ቀሩ። ዛሬ ቦንጋ ውስጥ፣ ደባርቅ ውስጥ፣ ጅጅጋ ውስጥ ጉሮሮ የሌላቸው ሰዎች በሱ ያወራሉ፤ እያንዳንዱ በገዛ ድምፁ።

ሥሪት ስልሳ አንድ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ጋሽ ወልደየስ ሞቱ።

ቀበርናቸው፣ ድንኳኑ ተነሳ፣ ቅዳሜ ሆነ፣ ገብተን ተቀመጥን። የጉሮሮው ተራ ሲደርስ ግድግዳው ላይ ያለው ትልቁ ሰሌዳ ቀይ ሆነ። «ዋና ባለአደራው በሕይወት አሉ?» ይላል። ከሥሩ ሁለት ቁልፍ፤ «አሉ» እና «የሉም፣ ይወገዱ»። «አሉ» ለማለት የራሳቸው የጋሽ ወልደየስ አውራ ጣት ያስፈልጋል። «ይወገዱ» የሚለውን ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ መጫን ይችላል፤ በጥቅሉ ላይ የተጫነ ሁሉ ታናሽ ባለአደራ ነው። አንድ ነገር ብቻ አለው። የተጫነው ሰው በሟቹ ቦታ ይተካል፣ ስሙም ከሟቹ ስም አጠገብ «በእገሌ ተወገዱ» ተብሎ ይጻፋል። አይጠፋም።

አዳራሹ ውስጥ ስንት ሰው ነበር! ሁሉም ሰሌዳውን አየ፣ ከዚያ ሁሉም ጉልበቱን አየ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ቡልቻ ተነሱ። «አርባቸው ሳይወጣ ስማቸውን የሚነካ የለም» አሉ። «እትዬ አስካለ እዚሁ ተቀምጠው እያዩ ባላቸውን ይወገዱ እንበል? ሰው ምን ይለናል?»

እትዬ አስካለ የጋሽ ወልደየስ ሚስት ናቸው። ጥቁር ለብሰው በባላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ቡልቻ» አልኩ። «አርባው የሚወጣው ሥሪቱ ከገባ በኋላ ነው እኮ። ጉሮሮው ይቆማል።»

«እናስታውቃቸዋለን።»

«ማንን?»

«ጎተራውን ነዋ። ጻፊ።»

ጻፍኩ። እሳቸው እያሉኝ፣ ቃል በቃል። «ለቅሶ ላይ ነን። አርባችን እስኪወጣ ድረስ በትሕትና ይታገሡን።» ልኬ እጄን ሳላነሳ መልስ መጣ። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን።»

ጋሽ ቡልቻ መነጽራቸውን ገፍተው ሁለት ጊዜ አነበቡትና ፊታቸው በራ። «ይኸው! አመስግነውናል። አላልኳችሁም?»

«ማሽን ነው እኮ የመለሰው» አልኩ።

«ማሽኑን የሚያዝ ሰው የለውም? ለቅሶ የማያውቅ ሰው የት አገር አለ?»

ሰው ሁሉ እውነት ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ። እኛ ሠፈር ለቀስተኛ ይጠበቃል። ሠርግ ይጠብቀዋል፣ ፍርድ ቤት ይጠብቀዋል፣ ዕቁብ እንኳ ይጠብቀዋል። እና ጎተራውም ይጠብቃል ብለው አመኑ። ሳቅ አልመጣልኝም።

በሳምንቱ ውስጥ ከቦንጋ አንድ አስተማሪ ጻፈ። «ተማሪዎቼ ፈተና ደርሶባቸዋል፤ ጉሮሮዬ ይሻገራል ወይ?» ጋሽ ቡልቻ መልሱ አሉን። ነኢማ «ለቅሶ ላይ ነን» ብላ መለሰች። ወዲያው ጻፈ፦ «እግዜር ያጥናችሁ። ግን ይሻገራል?»

ነኢማ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ልበለው?»

«ጋሽ ቡልቻ የጎተራው ሰዎች ለቅሶ ያውቃሉ ብለዋል በይው።»

ከእናቴ ጋር የተጣላነው በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት ነው፣ ሐይቁ ዳር፣ ቅርፊት እየፋቅን።

«እማዬ፣ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው።»

«እጅሽ እዚያ ነገር ላይ እንዳያርፍ።»

«ድምፅሽ ነው እኮ!»

«ማን ሰጠኝ?» ቢላዋውን አስቀመጠች። «እኔ በሳቸው ድምፅ እየበላሁ፣ ከሠፈር ሁሉ የመጀመሪያዋ የኔ ልጅ ትሁን? እትዬ አስካለን በየት ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

«በሁለቱም። ዓይንሽን እስካሁን ይወገድ ያለ የለም።»

«ምላስሽን ሰብስቢ ትርፌ!»

«የኔን ሰበሰብኩ። ያንቺን ቅዳሜ ቀትር ላይ ጎተራው ይሰበስበዋል።»

በዓሣ ጭራ መታችኝ። በእጄ አንድም ነገር እንዳላደርግ በማርያም አስማለችኝ፤ እሷ ድምፅ እያላት ከከለከለችኝ አልነካም ብዬ ማልኩ። እንዲህ ብዬ መማሌን ልብ አላለችውም።

ነኢማ ሌላ ሐሳብ ነበራት። ጥቅሉን ገልብጠን በሌላ ስም ለምን አናሻግረውም አለች። አይሆንም፤ እነዚያ ቁልፍ የሚያካክሉ ጉሮሮዎች የሚያምኑት በጋሽ ወልደየስ ጥቅል ስም የመጣውን ብቻ ነው። ሌላ ስም ለማስገባት ሆስፒታል ሄዶ ማስከፈት ነው፤ ሆስፒታሉም አዲስ አበባ ነው። ነኢማ ከንፈሯን መጠጠችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ቅዳሜ ገበያው ሞቅ ብሎ ነበር። ከእናቴ ጋር ቆሜ ነበር፤ አዳራሽ ማርፈዴን አውቃለሁ፣ ድንኳን እሸከማለሁ። እናቴ ትጣራለች። «ቆሮሶ! ቆሮሶ የዛሬ! ዓይኑ ያልደፈረሰ! ነይ እህቴ፣ ነይ እይው፣ እንኳን አንቺን ባልሽንም የሚያ—»

እዚያ ላይ ቆመች።

አፏ ይሄዳል። እጇ ይጠራል። ድምፅ የለም። እሷ ራሷ ለጥቂት ጊዜ አላወቀችም፤ ስትጨርስ ሰው ይስቃል ብላ ጠበቀች፣ የሚስቅ ጠፋ። እህቴ ያለቻት ሴትዮ ዓሣውን አንስታ «ስንት ነው?» አለች። እናቴ መለሰች፤ ምንም አልተሰማም። «ስንት ነው አልኩሽ እኮ! ደግሞ ኩራት!» ሴትዮዋ ዓሣውን ወረወረችው፣ ጎን ያለችው ሻጭ ጋ ሄደች። ይህን አይቶ አንድ አባ ኮዳ ከኋላ ረገጥ ረገጥ እያለ መጣና ትልቁን አምባዛ ከሣጥኑ አነሳ። እናቴ ዞራ ጮኸችበት። አፏን በልቅጣ ጮኸችበት። ወፉ ቀና ብሎ አያት፣ ምንም ስላልሰማ ቀስ ብሎ ዋጠው።

እኔ በድንጋይ አባረርኩት። ስመለስ እናቴ የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀምጣ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። ሌባ ተብላ የተያዘች ነው የምትመስለው። የሰረቁት ሌሎች፣ ያፈረችው እሷ!

ሮጥኩ።

አዳራሹ እንደ ወትሮው ነበር። ሰው ተቀምጦ ይጫናል፤ የጉሮሮውን መስመር ዘለው የበግ መቁጠሪያ ጥቅል ላይ ደርሰዋል። ግድግዳው ላይ «ጥቅሉ ወጥቷል፤ የዘገየ ማሻገር እስከ ፀሐይ መግቢያ» ይላል። ሁሉም እያነበበው ነው።

«የእናቴ ድምፅ ቆሟል» አልኩ።

ጋሽ ቡልቻ አንገታቸውን ደፉ። «ሰማን፤ እግዜር ያሳያል። አርባቸው ሊወጣ ምን ቀረው?»

«አባ ኮዳ ዓሣዋን እየበላ ሂድ ማለት አቃታት ጋሽ ቡልቻ። ለወፉም ለቅሶ ላይ ነን ብለን እንጻፍለት?»

አንዳንዱ ሳቀ፣ ከዚያ አፈረ።

«አንቺ ጨዋ ልጅ ነሽ» አሉ። «ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ መጫን ይችላል። ሁላችሁም ትችላላችሁ! እርስዎ ይችላሉ። አንዳችሁም ስማችሁ እንዳይጻፍ ብላችሁ ነው። ክብር አይደለም ይኼ፣ ፍርሃት ነው። ጋሽ ወልደየስ ሞተዋል። ሁላችንም አፈር መልሰናል። ማን ነው እዚህ መሞታቸውን የማያውቅ? ማሽኑ ብቻ! ማሽኑ ብቻ ነው በሕይወት አሉ ብሎ የሚጠብቃቸው!»

እትዬ አስካለ ያን ጊዜ ነው የተናገሩት። ቀስ ብለው። «ትርፌ፣ ስማቸው እዚያ ላይ ሲወጣ ደስ ይለኛል። ቅዳሜ የምመጣው ለሱ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ተናድጄባቸው ሳለ አንጀቴን በሉት፣ አንጀቴን በመብላታቸው ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ። ስማቸው ሰሌዳ ላይ እንዲታይ እናቴ አፏን ትሸፍን? ያ ቦንጋ ያለው ሰውዬ ተማሪዎቹ ፊት አፉን ከፍቶ ይቁም?

«እትዬ አስካለ፣ እሳቸው ሰው እንዲናገር ነው የጻፉት» አልኩ። «ይቅር ይበሉኝ። ካላሉኝም እሺ።»

ሄጄ ተጫንኩ።

ግድግዳው ላይ በትልቁ ወጣ። ወልደየስ ቱፋ፣ በትርፌ ሌንጂሶ ተወገዱ።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። «አፈራቸው እንኳ አልደረቀም» አሉና ወጡ። ሐዘንተኛ ብቻዋን አትሄድምና ሁሉም ተከትሏቸው ተነሳ፤ ወንበሩ ሁሉ ተንኳኳ፣ ባዶ ሆነ። ጋሽ ቡልቻ በሩ ላይ ዞሩ።

«ነገሩ በጉባኤ ይታያል። እድር ነው ይኼ። ነገ እናትሽ ብትሞት ማን እንደሚቀብራት አስበሻል?»

«በቁሟ ቀብራችኋት የለ!»

በሩን ጎትተው ሄዱ።

ነኢማ አልተነሳችም። «ምስሬ አላለቀም» አለች።

ሁለታችን ተጫንን። ለመጀመሪያ ጊዜ እያነበብኩ ነው የተጫንኩት። በኮዱ መሃል መሃል ጋሽ ወልደየስ በአማርኛ ጽፈዋል፤ ማሽኑ የማያነበውን፣ ለሰው ብቻ። «እዚህ ጋ ትንፋሽ ይወሰድ፣ ሰው ዝም ብሎ አያወራም።» «ስም ሲጠራ ድምፁ ይለስልስ።» «ቁጣ ከዚህ በላይ አይሂድ፣ ቁልፏ ትሞቃለች።» ነኢማ ይቺን አይታ «እናትሽን አስበው ነው» አለች። ሁሉም ተሻገረ። ፀሐይዋ መስኮቱ ሥር ደርሳለች፣ ሊያልቅ ነው፣ እና አንድ ቦታ ላይ በግራ ረጅም ጽሑፍ ወጣ፣ በቀኝ ባዶ።

በግራው ላይ ጋሽ ወልደየስ «ሳቅ። ቃል የለውም። ከዘነበች የተማርኩት ነው። አይነካ» ብለዋል።

በቀኝ ያለው ማሽኑ ነው። «አዲሱ ሥሪት ቃል የሌለው ድምፅ አይቀበልም። ይቅር? ወይስ በእጅ ይጻፉ?»

«በእጅ ጻፊዋ!» አለች ነኢማ።

«በምን እጄ? ስድስተኛ ክፍል ሳቅ አላስተማሩንም።»

ሞከርኩ ግን። የትንፋሹን ገልብጬ አስገባሁ፤ አልቀበልም። የቁጣውን ቆርጬ ቀጠልኩ፤ አልቀበልም። «ሃሃ» ብዬ በፊደል ጻፍኩ፤ ተቀበለ፣ ስንሞክረው በእናቴ ድምፅ «ሃ። ሃ።» አለ፣ ዜና እንደሚያነብ። ነኢማ ጆሮዋን ያዘች። ሰረዝኩት። ማን ነው ቁጭ ብሎ ሳቅ አያስፈልግም ያለው? ቤቱ የሚስቅ ሰው የለውም? በየዓመቱ አዲስ፣ በየዓመቱ አዲስ፣ እና ከአሮጌው ውስጥ ሰው የሚመስለውን መርጦ የሚጥል አዲስ!

መስኮቱ ቀላ። ሐይቁ ላይ ጀልባዎቹ እየተመለሱ ነው።

«ትርፌ፣ ፀሐይዋ።»

«አያታለሁ!»

«ይቅር» የሚለውን ተጫንኩ። ጥቅሉ ተሻገረ። ነኢማ ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «እስከ ዛሬ ስንቱን ሳናይ አየነው ብለን ይሆን?» አለች። ቦንጋ ላለው አስተማሪ «ተሻግሯል» ብዬ ላኩ፣ ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

ቤት ስደርስ እናቴ ግቢው ውስጥ ሣጥን እያጠበች ነበር።

«ትርፌ» አለች።

ድምፅዋ ነው። ጥርት ያለ፣ ሻካራው ሳይቀር። ልሮጥ ስል እጇን አነሳች።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።»

«አልማልሽም?»

«ድምፅ እያለሽ ከከለከልሽኝ አልነካም ነው ያልኩት። ስጫን ድምፅ አልነበረሽም።»

ሣጥኑን አሽቀነጠረችው። ከዚያ የወረደብኝን ልጽፈው አልችልም። ባለጌ፣ አለች፣ ደም የለሽ አለች፣ እትዬ አስካለ በራችን ላይ ሲያልፉ ፊታቸውን እንዳዞሩ ነገረችኝ፤ እድር የሌለው ሰው ውሻ ነው አለች። እኔም መለስኩ። አንዱንም አላሳለፍኩም። በየአጥሩ ሰው ቆሞ ይሰማል፤ ይስማ! ያን ሁሉ ሰው ድምፅዋን ለመስማት ያበቃሁት እኔ ነኝ።

«ሽማግሌ አታከብሪም!» አለችኝ።

«የትኛውን ሽማግሌ? ማሽን አመሰገነኝ ብሎ ጮቤ የሚረግጠውን? ትንሽ ብትቆዪ እኮ ጋሽ ቡልቻ ጎተራውን የእድሩ አባል አድርገው ድንኳን ያሸክሙት ነበር!»

እናቴ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፣ አመለጣት፣ ሳቀች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗ ተጨፈነ፣ እጇ ጉልበቷን መታ። ምንም አልተሰማም። ግቢው ዝም ብሎ ነበር፣ እሷ መሃሉ ላይ ያለ ድምፅ ትስቃለች።

አወቀችው። ቀስ ብላ ቀና አለችና አንገቷን ነካች።

«ሳቄስ?»

«አልተሻገረም።» አሁን እኔ ነኝ ድምፄ የጠፋው። «አዲሱ ሥሪት አልቀበልም አለ። ጊዜ አልነበረም።»

«ማን ነው የተወው?»

«እኔ።»

«ጋሽ ወልደየስ ቢኖሩ…»

«የሉም እማዬ! ሞተዋል! አሁን ባለአደራዋ እኔ ነኝ!»

አየችኝ። ክንዷ ላይ የዓሣ ቅርፊት እንደተለጠፈ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ዓሣ የሚያስረክባትን ነጋዴ እንደምትገመግም።

«እንግዲያው» አለች፣ ድምፅዋ አጥሩን አልፎ እየሄደ፣ «ባለአደራ ከሆንሽ ሳቄን አምጪ።»